ከበርጩማ ብቻን መነሳት፦ ስለ ዮጋና ስለ ቀልብ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ወር ስለ እናቴ ጽፌ ነበር። በ71 ዓመቷ ወንበር ላይ የሚሠራ ዮጋ ጀመረች፤ ከሦስት ወር በኋላ ቡና አፍልታ ስትጨርስ ማንም ሳይደግፋት ከበርጩማው ተነሳች። ነገሩ ይኸው ነበር። ግን ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም። አንዳንዱ ስለ ጉልበቱ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ስለ ሃይማኖቱ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለው። የሚመሳሰሉትን ሰብስቤ ዛሬ ልመልስ። ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜያቸው ከፍ ካለ ሰዎች ጋር ወንበር ላይ ዮጋ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የምነግራችሁ እዚያ ያየሁትንና አንብቤ ያረጋገጥኩትን ነው።

ጥያቄ፦ “67 ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ያመኛል፤ መሬት ላይ መቀመጥ ከተውኩ አምስት ዓመት አለፈኝ። ልጄ ዮጋ ጀምሪ እያለች ትነዘንዘኛለች። በስልኳ የምታሳየኝ ግን እግሯን አንገቷ ላይ የጠመጠመች ልጅ ነው። ይሄ ለእኔ ቢጤ ይሆናል?” (ከአዲስ አበባ)

እማማ፣ በስልክ ያዩትን ይርሱት። እርስዎ የሚፈልጉት እግር አንገት ላይ መጠምጠም አይደለም። ከታክሲ፣ ከመጸዳጃ ቤት፣ ከበርጩማ ሰው ሳይጠሩ መነሳት ነው። እሱ ደግሞ ይቻላል።

የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይብስበታል። ጭን ሲሳሳ ሸክሙ ጉልበት ላይ ይወድቃል፣ ጉልበት ሲያም ሰው መቀመጥ ያበዛል፣ መቀመጥ ሲበዛ ጭኑ ጭራሽ ይሳሳል። ብዙ ሰው “እርጅና ነው” ብሎ የሚተወው ይሄንን አዙሪት ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ጡንቻ በ80 ዓመትም ቢሆን ካሠሩት ይጠነክራል።

ዮጋን በዓለም ካሳወቁት ሰዎች አንዱ ህንዳዊው ኢየንጋር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1918 ተወልደው በ2014 በ95 ዓመታቸው ነው ያረፉት። ልጅ ሳሉ በሽታ አልለያቸው ብሎ ነበር፤ ወባውም፣ ሳንባ ነቀርሳውም ተፈራርቆባቸዋል። ለዚህ ይሁን ለሌላ አላውቅም፣ ለታመመና ላረጀ ሰው አዝነው ወንበር፣ ቀበቶ፣ የእንጨት ጡብና ብርድ ልብስ እየደገፉ ማሠራትን ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ወንበር ላይ መሥራት የዮጋ ተረፈ ምርት እንዳይመስልዎት።

እንዲህ ይጀምሩ። ጎማ የሌለው፣ የማይወላውል ወንበር ግድግዳ ያስደግፉ። ከወንበሩ ፊተኛው ግማሽ ላይ ይቀመጡ፤ ጀርባዎን አያስደግፉ። ሁለቱም እግሮችዎ መሬት ይርገጡ። አየር ሲስቡ እጆችዎን ትከሻዎ እስከፈቀደ ድረስ ወደ ላይ፤ ሲያወጡ ቀስ ብለው ወደ ታች። አምስት ጊዜ። ከዚያ ተረከዝ አንስቶ መመለስ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ ዋናው መጣ። እግሮችዎን ትንሽ ወደ ወንበሩ ያስጠጉ፣ ደረትዎን ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉ፣ ተረከዝዎን መሬት ላይ ተጭነው አየር እያወጡ ይነሱ። ሲነሱ እጅዎን ጭንዎ ላይ ቢደግፉ ነውር የለውም። ሲቀመጡ ግን ዘፍ እንዳይሉ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ጭን የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ሲቀመጡ ጭምር ነው። እናቴ የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የቻለችው፤ ሁለተኛው ላይ እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ትሠራለች።

ሲሠሩ ሳብ ሳብ ካደረገዎት ደህና ነው። እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ወይም መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን እዚያው ያቁሙ። የዳሌ መገጣጠሚያ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ደግሞ እግር ማነባበርና በጣም ማጎንበስ ሊከለከል ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ “ኦርቶዶክስ ነኝ። ዮጋ የጣዖት አምልኮ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ስፖርት ነው የሚሉኝም አሉ። ልሥራ ወይስ ልተው?” (ከባሕር ዳር)

ይሄ ከሁሉም በላይ በብዛት የመጣልኝ ጥያቄ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም፤ አላልፈውምም።

እውነቱን ልንገርሽ እህቴ። ዮጋ የተወለደው ህንድ ውስጥ ነው፤ ሥሩም ከዚያ አገር እምነትና ፍልስፍና ጋር የተሳሰረ ነው። ስሙ ራሱ ከጥንታዊው የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን ማጣመር፣ ማገናኘት የሚል ትርጉም አለው። በአንዳንድ ክፍሎች “ኦም” እየተባለ ይዜማል፤ አንዳንዱ እንቅስቃሴ በአማልክት ስም ይጠራል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲያስገባው የህንድ ቅርስ ብሎ ነው። ስለዚህ “ምንም ሃይማኖት የለበትም” የሚልሽ ሰው ግማሹን ነው የነገረሽ። በሌላ በኩል ዛሬ በየሆስፒታሉና በየስፖርት ቤቱ የሚሠራው አብዛኛው ዮጋ መሳሳብ፣ መተንፈስና ሚዛን መጠበቅ ብቻ ነው። ዜማም ጸሎትም የለውም።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ክፍላችን ውስጥ ኦም አይባልም፣ የአማልክት ስም አይነሳም። እንቅስቃሴዎቹን በአማርኛ ነው የምንጠራቸው፤ “ዛፍ”፣ “ድመት”፣ “ወንበር” እንላለን። ቢሆንም ኅሊናሽ ቅር ካለው የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እሳቸው ተይው ካሉሽ ተይው። ጤና ለማግኘት የግድ ዮጋ የሚባል ስም ያለበት ነገር አያስፈልግም፤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ የማንም ሃይማኖት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስግደት ጸሎት እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት አልፈልግም። ግን ሰውነት እንዲሰግድ ሆኖ መቆየት አለበት። በስቅለት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግዱ የሚውሉ አዛውንት አይታችሁ እንደሆነ፣ መሬት ወርዶ መነሳት የጭን፣ የዳሌና የወገብ ጉልበት ይጠይቃል። ሰላት የሚሰግዱ ሙስሊም አንባቢዎቼም እንዲሁ በቀን አምስት ወቅት ይቆማሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ ይደፋሉ፣ ይቀመጣሉ። አንዲት ተማሪዬ፣ 70 ያለፋት ናት፣ የመጣችው “ቆሜ ማስቀደስ አቃተኝ” ብላ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ቆማ እንዳስቀደሰች ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። እኔም አለቀስኩ።

ጥያቄ፦ “ግፊትም ስኳርም አለብኝ። ዮጋ ግፊት ያወርዳል ሲሉ ሰማሁ። ኪኒኑን ላቁም?” (ከአዳማ)

በፍጹም ጋሼ! ኪኒንዎን እንዳያቆሙ። ቀስ ብሎ መተንፈስና አዘውትሮ መንቀሳቀስ ግፊትን በመጠኑ ሊቀንሱ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን ግን አይተኩም። መጠኑ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ከመጣም ለክተው፣ ቁጥሩን ይዘው ከሐኪምዎ ጋር ነው የሚመክሩት።

ሲሠሩ ትንፋሽ አይያዙ። በአንዳንድ ቪዲዮ “ሳቡ፣ ያዙ፣ ያዙ…” የሚሉትን ይለፉት፤ ትንፋሽ አምቆ መግፋት ግፊትን ድንገት ከፍ ያደርጋል። ጭንቅላት ከልብ በታች የሚወርድበትን ሁሉ ይተዉ። ከተኙበት ሲነሱ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣ ትንሽ ይተንፍሱ፣ ከዚያ ይቁሙ፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲነሳ ዓይኑ ሊጨልምበትና ሊወድቅ ይችላል።

ለስኳሩ ደግሞ፣ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ በባዶ ሆድ አይሥሩ። የሚጾሙ ከሆነም ይሄንን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ላብ ላብ ካለዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ያቁሙና ስኳርዎን ይለኩ፤ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። እግርዎ የመደንዘዝ ነገር ካለውም ባዶ እግርዎን አይሁኑ። ሲጨርሱ የእግርዎን መዳፍ አገላብጠው ይዩ፤ የደነዘዘ እግር ቁስሉን አይናገርም።

ጥያቄ፦ “ግላኮማ አለብኝ፤ መሥራት እችላለሁ?” (ከሐዋሳ)

ይችላሉ፤ ግላኮማ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ስለሆነ ግን ጭንቅላትን ወደ ታች የሚያደርግ ምንም ነገር አይሥሩ። በጭንቅላት መቆም፣ እጅና እግር መሬት ላይ አድርጎ መቀመጫን ወደ ላይ ማንሳት፣ ቆሞ አጎንብሶ ጣት መንካት፣ ሦስቱም የዓይን ውስጥ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ለአስተማሪዎም ገና ከመጀመሪያው ይንገሩ። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይሥሩ።

ጥያቄ፦ “አባቴ 74 ዓመቱ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ ከተነሳ ወዲህ ፈርቶ ከቤት አይወጣም። ሚዛኑን የሚመልስለት ነገር አለ?” (ከደሴ)

ወንድሜ፣ አጥንቱ ተርፎ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ቀጥሎ የሚጎዳው ግን ፍርሃቱ ነው። የፈራ ሰው ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ሰው ይደክማል፣ የደከመ ሰው ደግሞ ይወድቃል።

ሚዛን የአንድ አካል ሥራ አይደለም። ዓይን አለበት፣ የውስጥ ጆሮ አለበት፣ የእግር መዳፍ መሬቱን የሚሰማበት ስሜት አለበት፣ የቁርጭምጭሚትና የዳሌ ጡንቻ አለበት። ዕድሜ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ይነካካቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ከመደበኛው የሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ በተጨማሪ፣ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር ነገር እንዲሠሩ የሚመክረው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደወደቀ እወቁ። አዞሮት ነው? አዳልጦት ነው? የእንቅልፍ ኪኒን ይወስዳል? መነጽሩ አርጅቷል? መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚያዝ ብረት ግድግዳው ላይ ይመታ፣ የሚያዳልጠው ሸበጥ ይጣል፣ ሌሊት የሚሄድበት ኮሪደር መብራት ይኑረው። ዮጋው ከዚህ በኋላ ነው።

አባትህን ወጥ ቤት ውሰደውና የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ በሁለት እጁ አስይዘው። አንተ ከኋላው ቁም። አንዱን እግሩን ከመሬት ሙሉ በሙሉ ሳያነሳ፣ ተረከዙን ብቻ አንስቶ ሌላኛው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያስደግፈው፤ የእግሩ ጣቶች መሬት እንደነኩ ይቆዩ። ዓይኑ ፊት ለፊት አንድ ነገር ላይ ይትከል፤ ሥዕል ይሁን፣ የመስኮት መያዣ ይሁን። አምስት ትንፋሽ። ከዚያ እግር ይቀይር። ሁለት ሳምንት በሁለት እጅ፣ ቀጥሎ በአንድ እጅ፣ ቀጥሎ በሁለት ጣት። “ዛፍ” የምንለው ይሄ ነው። መተላለፊያውን ይዞ አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያስቀደመ፣ ተረከዝ ከጣት እያገናኘ በአንድ መስመር መራመድም ጥሩ ነው።

ሐቁን ልንገርህ ደግሞ፣ መውደቅን በመከላከል በኩል ታይ ቺ የሚባለው የቻይናውያን ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ከዮጋ የበለጠ ማስረጃ አለው። ደሴ ውስጥ የታይ ቺ አስተማሪ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሁለቱም የሚያሠሩት ግን ክብደትን ከእግር ወደ እግር ቀስ ብሎ ማዛወርን ነው። አጥንቱ ሳስቷል ተብሎ ከሆነ ጀርባን ጎብጦ ወደ ፊት መታጠፍና በኃይል መጠማዘዝ ይቅርበት፤ የሳሳ አከርካሪ በዚያ ሊሰበር ይችላል።

ጥያቄ፦ “እናቴን ከአዲስ አበባ አምጥቻት ሁለት ዓመት ሆናት። ቀኑን ሙሉ አፓርትመንት ውስጥ ብቻዋን ናት፤ ‘ቀልቤ እዚያ ነው’ ትለኛለች። ማይንድፉልነስ ይረዳታል አሉኝ። እንዴት አድርጌ ላስረዳት?” (ከሜሪላንድ)

እናትሽ ቃሉን ከአንቺ ቀድማ አግኝታዋለች። ቀልብ! ማይንድፉልነስ የሚሉትን በአማርኛ ልበለው ካልሽኝ ቀልብን መሰብሰብ ነው። አካል አንድ ቦታ፣ ሐሳብ ሌላ ቦታ ሲሆን ሰው ይደክማል። ልምምዱ ሐሳብን ማባረር አይደለም፤ ሐሳቡ እንደሄደ ማስተዋልና ቀስ አድርጎ መመለስ ነው። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ መመለስ፣ ሳይቆጡ። በሕክምና ውስጥ ያስገባው ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት ያላዳነው ሕመም ላላቸው ሰዎች ብሎ ጀመረው። እስከ ዛሬ የሚሰጠው የ8 ሳምንት ትምህርት ነው።

ለእናትሽ ግን ይሄን ሁሉ አትንገሪያት። “ዓይንሽን ጨፍኚና ተንፍሺ” ብትያት “ደግሞ ምን መጣ” ትላለች። ቡናውን ተጠቀሚበት። ስትቆላ አጠገቧ ቁጭ በይ፤ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪ፤ ቴሌቪዥኑም ይዘጋ። ቡናው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡኒ ሲለወጥ እዪ። ሲንጣጣ ስሚ። ጭሱን ስታዞረው እጇ እንዴት እንደሚያራግበው ተመልከቺ። አቦሉን ስትጠጡ የመጀመሪያዋን ፉት ሳታወሩ ጠጧት፣ ሲኒው እጃችሁን ሲያሞቀው ይሰማችሁ። ከዚያ አውሩ እንደልባችሁ። እናትሽ ይሄንን ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው ኖራለች፤ አንቺ ነሽ ምናልባት የረሳሽው።

ግን አንድ ነገር አልደብቅሽም። ብቸኝነት ዓይን በመጨፈን አይድንም። እናትሽ ሰው ናት የናፈቃት። ቅዳሜና እሁድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይበቃም፤ በሳምንቱ መሐል የምታገኘው ሰው ያስፈልጋታል። እናንተ አካባቢ የእኛ ሰው ሞልቷል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻ ስንት እናት አለ! በየካውንቲው ያሉት ሲኒየር ሴንተሮች (የአዛውንት መሰብሰቢያ ማዕከላት) ብዙዎቹ የወንበር ዮጋ ክፍል አላቸው፤ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ። ሁለት ሦስት እናቶች ፈልጊና አብረው ይሂዱ። እንግሊዝኛ ባትችል እንኳ የፊተኛዋን እያየች ትሠራለች። ምግብ ካስጠላት፣ ሌሊት ካልተኛች፣ “ሞት ይሻለኛል” ማለት ከጀመረች ግን ይሄ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጃት።

ጥያቄ፦ “48 ዓመቴ ነው፤ ጅዳ ሰው ቤት እሠራለሁ። ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ጊዜ የለኝም፣ ቦታም የለኝም፤ ያለኝ ፍራሼ ብቻ ነው።”

ፍራሽሽ ይበቃል እህቴ፤ ማታ አሥር ደቂቃ። በእጅና በጉልበትሽ ተንበርከኪ። አየር ስታወጪ ጀርባሽን እንደ ድመት ወደ ላይ አጉብጪ፣ ስትስቢ ቀስ ብለሽ ወደ ታች ልቀቂው። ስምንት ጊዜ። ከዚያ በጀርባሽ ተኚና አንዱን ጉልበትሽን በሁለት እጅሽ ወደ ደረትሽ ሳቢ፣ አምስት ትንፋሽ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ ሁለቱንም ጉልበት አጥፈሽ መቀመጫሽን ከፍራሹ ትንሽ አንሺ፣ መልሺ፣ ስምንት ጊዜ። በቃ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ካላቸው ነገሮች መሐል ዮጋም ቀልብን የመሰብሰብ ልምምድም አሉበት።

ቀን ደግሞ ባልዲ ስታነሺ ከወገብሽ አትታጠፊ፤ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ባልዲውን ወደ ሰውነትሽ አስጠጊው። እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ከከዳሽ፣ ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ ግን ይሄ የዮጋ ነገር አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለብሽ። ለአሠሪዎችሽ ንገሪ፤ አትፍሪ።

ጥያቄ፦ “ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ፤ ከዚያ ሐሳብ ነው እስኪነጋ።” (ከጎንደር)

በጀርባዎ ይተኙ። አራት እየቆጠሩ በአፍንጫ ይሳቡ፣ ስድስት እየቆጠሩ ያውጡ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል ማለት ነው። ማውጫው ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል። ከዚያ ሐሳብዎን ወደ ግራ እግርዎ አውራ ጣት ይውሰዱት፤ ይሞቃል? ይቀዘቅዛል? ከዚያ መዳፍ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ጉልበት… እንዲህ እያሉ እስከ ራስ ቅልዎ። ብዙ ሰው ወገቡ ጋ ሳይደርስ ይተኛል። ካልተኙም ሰውነትዎ አርፏል። ቡናውን ደግሞ ከምሳ በኋላ ያቁሙት፤ ይሄንን ለማንም ሐበሻ መንገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ “ሜዲቴሽን የመርሳት በሽታን ይከላከላል?”

ይከላከላል የሚል የተረጋገጠ ነገር የለም፤ የሚምልልዎት ካለ አይመኑት። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ በእነሱ ላይ ከተሠራ ከበሽታው 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ብሏል። ከዝርዝሩ ውስጥ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ያልታከመ የመስማት ችግር፣ አለመንቀሳቀስና ከሰው መገለል ይገኙበታል። በተለይ ጆሮውን አደራ። አያት “ምን አልሽ?” ሲሉ እየሳቅን እናልፋለን እንጂ ስንቶቻችን ነን ያስመረመርናቸው?

ጥያቄ፦ “ጥሩ አስተማሪ በምን ይታወቃል?” (ከአዲስ አበባ)

በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ። ምን ሕመም አለብዎት ብሎ ካልጠየቀ ጫማዎን አድርገው ይውጡ። ከዓመታት በፊት አንድ ክፍል ውስጥ፣ አስተማሪው ወደ ፊት ያጎነበሰች የ60 ዓመት ሴት ጀርባ ላይ በሁለት እጁ ተጭኖ “ትንሽ ጨምሪ” ሲላት አይቻለሁ። ሴትየዋ አልጮኸችም፤ በማግስቱ ግን ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይፈቅዱልኝ የማንንም ጀርባ ነክቼ አላውቅም። ማንም ሰው እንዲጫንዎት አይፍቀዱ። “አይ፣ ይሄ ይበቃኛል” ይበሉ፤ ጥሩ አስተማሪ ይሄን ሲሰማ ወንበር ያመጣልዎታል።